የድሮኑ ርጭት መስመር እየዘለለ ነው? መጀመሪያ ውሃችሁን እዩ

ከሰንዳፋ እስከ ሆለታ የስንዴና የጤፍ ማሳ ላይ በድሮን ስንረጭ አንድ ችግር ደጋግሞ አጋጥሞኛል። ባትሪ መሙላትና ፕሮፔለር ማጥበቅ ታውቃላችሁ፣ እሱን እንለፈው።

ምልክቱ፦ ከተረጨ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ማሳው ዝንጉርጉር ይሆናል። አንዱ መስመር ላይ አረሙ ጠውልጓል፣ ከጎኑ ያለው እንደ ለመለመ ነው። አንዳንዴ ስክሪኑ ላይ የፍሰት ማስጠንቀቂያ ይመጣል ወይም የፓምፑ ድምፅ ይለወጣል፣ አንዳንዴ ግን ምንም የለም። ሰንዳፋ አካባቢ አንድ አባት ደውለው «ልጄ፣ የሸጡልኝ መድኃኒት የውሸት ነው» አሉኝ። መድኃኒቱ ደህና ነበር። ከአራቱ ኖዝሎች (መድኃኒቱ የሚረጭባቸው ጫፎች) አንዱ ተደፍኖ ነው።

ምክንያቱ፦ ብዙውን ጊዜ ውሃው ነው። አገሩ መረሬ፣ ጥቁር ጭቃማ አፈር ነው፤ ከጅረት ወይም ከኩሬ የተቀዳ ውሃ ጥሩ ቢመስልም ደቃቅ ጭቃ ይዞ ይመጣል። በጀርባ መርጫ በሄክታር 200 ሊትር ገደማ ውሃ እንጠቀማለን፣ በድሮን ግን ከ10 እስከ 20 ሊትር ብቻ ስለሆነ ውህዱ ወፍራም ነው። የዱቄት ኬሚካል ቀጥታ ታንክ ውስጥ ከገለበጣችሁማ ይጓጉላል። እባካችሁ መጀመሪያ በባልዲ በጥብጡት፣ ውሃውንም በንጹህ ጨርቅ አጥልሉት።

መፍትሄው፦ ጓንትና ጭንብል አድርጉ። ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ ከፊልተሩ ጀምሩ፣ ብዙ ሰው ኖዝሉን ብቻ አጥቦ ፊልተሩን ይረሳል። ኖዝሎቹን ፈትታችሁ ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እሹ። በመርፌ አትንኩት! ሆለታ አንድ ልጅ በመርፌ ጎርጉሮ ቀዳዳውን አሰፋውና ባለፈበት መስመር ሁሉ ስንዴው ተቃጠለ። በአፍም አትንፉ፣ መርዝ ነው።

ከዚያ ንጹህ ውሃ ሞልታችሁ፣ ፕሮፔለሮቹን አውልቃችሁ፣ ፓምፑን ብቻ አስነሱ። ከእያንዳንዱ ኖዝል ሥር ዕቃ አድርጋችሁ የአንድ ደቂቃውን ለኩ። ከሌሎቹ በ10 በመቶ የሚለይ ኖዝል ይቀየር። ርካሹን ኖዝል አትግዙ፤ ከካርቶን ሲወጣ ጀምሮ ቀዳዳው እኩል ያልሆነ ስንት አይቻለሁ፣ በጣም ያናድዳል፣ ምክንያቱም የሚከስረው ዓመቱን ሙሉ የለፋው ገበሬ ነው።

ማታ ማታ ታንኩንና ቱቦውን ሦስት ጊዜ እጠቡ። ስንዴ ላይ ቱ ፎር ዲ (ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚያጠፋ መድኃኒት) ረጭቶ ሳያጥብ በማግስቱ ባቄላ ማሳ የገባ ሰው አውቃለሁ፤ ባቄላው ተጠማዞ ቀረ። የታጠበበትን ውሃ ጅረት ውስጥ አትድፉ፣ ከታች ከብት ይጠጣል። የተረጨው ማሳ ላይ መልሳችሁ እርጩት።

የቀሩት ባጭሩ፦ ሙሉ ታንክ ይዞ ሲነሳ ሞተሩ ከጋለ ጭነቱን ቀንሱ፤ ሆለታ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ስለሆነ ሞተሩ ይበልጥ ይለፋል። ኮምፓስ ከተረበሸ ከቆርቆሮ አጥርና ከመኪና ራቁ። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይከፈትም፣ ቤት ውስጥም አያድርም።