ዳምቤል ስትገዙ ዳዶውን እዩ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ቤት ውስጥ ስፖርት ለመሥራት ዳምቤል ልትገዙ ካሰባችሁ ክብደቱ የሚጨመርና የሚቀነሰውን ግዙ። አንድ ጥንድ ለሁሉም ይበቃል። ለኪራይ ቤት ደግሞ ቦታ አይፈጅም።

ማዞሪያውን እያዞሩ ክብደት የሚመርጡበት አለ። ፈጣን ነው፤ ግን ከጣላችሁት በቀላሉ ይበላሻል። እኔ ብረቶቹን ዘንጉ ላይ አስገብቶ በዳዶ የሚጠብቀውን እመርጣለሁ። ተጨማሪ ብረት ስትገዙ ቀዳዳውን ለኩ። ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ለቀጭኑ ዘንግ አይሆንም።

የዳዶውን ነገር አደራ! ውስጡ የጎማ ቀለበት ያለውን ምረጡ፤ ቶሎ አይላላም። አንድ ቀን በጀርባዬ ተኝቼ ሳነሳ፣ ዳዶው ላልቶ ኖሮ ባለ 2 ኪሎዋ ብረት ተንሸራታ ጆሮዬ ሥር ዱብ አለች። ከዚያ ወዲህ በየዙሩ በእጄ ሳላጠብቅ አላነሳም።

ክብደቱ 8 ጊዜ በደንብ የምታነሱት፣ ከ12 በላይ ግን የሚያቅታችሁ ይሁን። 12 ሲቀላችሁ በሁለቱም በኩል እኩል ጨምሩ። የማርቆስ ጠዋት ብርድ ነውና 5 ደቂቃ ሳታሟሙቁ አትጀምሩ። ሲሚንቶው ላይ ጆንያ አጥፋችሁ አንጥፉ፤ ወለሉም ብረቱም ይተርፋል።