ነጠላ የለበሰች ሴት ብቻዋን ስትሳል፦ ስለ ቀለምና ብሩሽ

መጀመሪያ ቀለም ቀንሱ። ሃያ ቱቦ የዘይት ቀለም ደርድሮ መጀመር ያምራል፣ ግን ለፊት አራት ይበቃል፦ ነጭ፣ ቢጫ ኦከር (አፈር የሚመስል ቢጫ)፣ ደማቅ ቀይና ጥቁር። ይሄ ፓሌት፣ ማለትም የቀለም ምርጫ፣ የሚጠራው በስዊድናዊው ሰዓሊ በአንደርስ ዞርን (1860–1920) ስም ነው። «ሰማያዊውስ?» ትሉ ይሆናል። አይቮሪ ብላክ የሚባለውን ጥቁር ከነጭ ጋር ቀላቅሉና ከቀዩ አጠገብ አድርጉት፤ ግራጫው ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ ይላል። ዓይን በቀላሉ ይሸወዳል።

እኔ አክስቴን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ ነው የተማርኩት። ጠይም ናት። ግንባሯ ላይ ያረፈውን ብርሃን በነጭ ብቻ አፈካሁትና ፊቷ አመዳም ሆኖ አረፈው፤ «ቅባት አጥቼ ነው እንዴ?» አለችኝ። መፍትሔው ነጩን ከመጨመራችሁ በፊት ትንሽ ኦከርና ቀይ ማስቀደም ነው። ቀዝቃዛውን ግራጫ ቆዳዋ የመስኮቱን ብርሃን ለሚያንጸባርቅባት ለዚያች ትንሽ ቦታ አቆዩት። ጥላውን ደግሞ በጥቁር ብቻ አታጨልሙት፤ ቀይ ጨምሩበት፣ የተቆላ ቡና መልክ ይመጣል።

ነጠላው ነጭ አይደለም። ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ስታዩት አብዛኛው ግራጫ ነው፣ አገጯ ሥር ቢጫ ቢጤ ይገባበታል፣ እውነተኛው ነጭ ትከሻዋ ላይ ያለችው አንዲት እጥፋት ብቻ ናት። ጥለቱንም ክር በክር አትቁጠሩ፤ ሁለት ሦስት ጭረት ይበቃዋል።

ወደ ብሩሹ ስንመጣ፣ በሰፊው ጀምሩ። ታች ያለው ቀለም ተርፔንታይን በሚባለው ማቅጠኛ ፈሳሽ የቀጠነ፣ ላይ የሚመጣው ዘይት የበዛበትና ወፍራም ይሁን፤ ከገለበጣችሁት ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ከሁሉ የከፋው በሽታ ግን ማሸት ነው። አንድ ማታ ሙሉ ጉንጯን በለስላሳ ብሩሽ ሳሽ አድሬ ጠዋት ያገኘሁት የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነበር። አንድ ጭረት አሳርፉ፣ እጃችሁን አንሱ፣ ብሩሹን በጨርቅ ጥረጉ፣ ቀጣዩን አሳርፉ። ጭረቱ የጉንጯን ዙሪያ ተከትሎ ይሂድ እንጂ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አይጋደም።

ብቸኝነቷን ለማሳየት ፊቷን አታሳዝኑት፣ ቶሎ ፊልም ይመስላል። ይልቅ የምታየው አቅጣጫ ላይ ባዶ ግድግዳ ተዉላት። ግድግዳውን መቀላቀያ ሰሌዳችሁ ላይ ከተረፈው ቀለም ቀቡት፣ ያኔ ከቆዳዋ ጋር ይዛመዳል። በብርሃን በኩል ያለው የጉንጯ ጠርዝ ጥርት ይበል፤ በጥላ በኩል ያለው ትከሻ ግን የት እንዳለቀ እስከማይታወቅ ድረስ ግድግዳው ውስጥ ይጥፋ፣ እዚያ መስመር ካሰመራችሁ ከወረቀት ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች።

ጨረስኩ ስትሉ ሸራውን በመስታወት እዩት። የተንጋደደ ዓይን ያኔ ነው የሚጋለጠው።