ተማሪዎቼ ራሳቸው እንዲያነቡ ያደረኩበት መንገድ (8ኛ ክፍል አማርኛ)

ችግሩ ምን ነበር፣ የንባብ ደብተር ወላጅ ይፈርምበት ስል ግማሹ ፊርማ የታላቅ እህት ነው፣ ማጠቃለያ ጻፉ ስል ደሞ ከቴሌግራም ኮፒ ተደርጎ ከነስህተቱ ይመጣል 😂

ሁለቱንም ተውኳቸው። አሁን ከክፍለ ጊዜው የመጀመሪያዋን 10 ደቂቃ ሁሉም ዝም ብሎ የራሱን መጽሐፍ ያነባል፣ እኔም አነባለሁ (ፈተና እያረማችሁ አንብቡ ብትሏቸው አይሰሟችሁም)። ከዛ ሶስት አራት ልጅ ጠረጴዛዬ ጋ እጠራና የት ደረስክ፣ ማን አናደደህ፣ እስቲ የወደድካትን አንድ ገጽ አንብብልኝ እላለሁ። ሁለት ደቂቃ ብትፈጅ ነው። ያላነበበ እዛው ይታወቃል፣ ማርክ አልቀንስም ግን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜም እሱኑ ነው ምጠራው፣ ይሄ ከማርክ በላይ ያስነብባል።

መጽሐፉን ራሳቸው ናቸው ሚመርጡት፣ 20 ገጽ አንብበው ካልጣማቸው ይቀይራሉ። የስፖርት ጋዜጣም ቢሆን ይሁን ብያለሁ፣ አንዳንድ አስተማሪ ይሄን አይወድም፣ እኔ ግን ከኳስ ወሬ ተነስቶ ልብወለድ ውስጥ የገባ ልጅ አለኝ።

መጽሐፍ ከየት ለምትሉ፣ እኔ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እየገዛሁ ካርቶን ሞላሁ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ደሞ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ።

60 ልጅ ያለበት ክፍል ላይ ተራው ቶሎ አይዞርም፣ ስለዚህ ማንን እንደምጠራ አስቀድሜ አልናገርም፣ ካላወቁ ሁሉም አንብቦ ይመጣል።