የዲሲ ወበቅና የኤሲ ልክ

አዲስ አበባ ሲሞቅ መስኮት ይከፈታል፣ ሲመሽ ጋቢ ይደረባል። ዲሲና አካባቢዋ ጁላይ ላይ ግን ሌሊቱም ወበቅ ነው፤ መስኮት ብትከፍቱ የሚገባው ያው ወበቁ ነው። ቤታችሁ የራሱ ማቀዝቀዣ ከሌለው የመስኮት ኤሲ መግዛታችሁ አይቀርም።

እኔ የመጀመሪያውን የገዛሁት «ትልቅ ይሻላል» ብዬ ነው። ለአንዲት ጠባብ መኝታ ቤት 12,000 ቢቲዩ! ክፍሉ ወዲያው በረዶ ይሆንና ኤሲው ያርፋል። ትንሽ ቆይቶ ይነሳል፣ ደግሞ ያርፋል። አንሶላው ግን እርጥብ እርጥብ እንዳለ ነው። ለካ ኤሲ ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን ከአየሩ ውስጥ እርጥበትም ያወጣል። ለዚህ ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት አለበት። ከልኩ ሲያልፍ ቶሎ ያቀዘቅዝና ወበቁን ትቶላችሁ ይጠፋል። ሲያንስም ቀኑን ሙሉ እያጓራ አያቀዘቅዝም።

ቢቲዩ ማሽኑ በሰዓት ከክፍሉ የሚያወጣው ሙቀት መለኪያ ነው። የክፍሉን ርዝመትና ስፋት በጫማ (ፊት) ለክታችሁ አባዙት። የእኔ 10 በ12፣ ማለትም 120 ስኩዌር ፊት ነበር፤ 5,000 ቢቲዩ ይበቃው ነበር። ከ150 እስከ 250 ከሆነ 6,000፣ ከ300 እስከ 350 ከሆነ 8,000 ውሰዱ። 12,000 ከ450 እስከ 550 ስኩዌር ፊት ላለው ሳሎን ነው።

ፀሐይ የሚመታው ክፍል ከሆነ 10 በመቶ ጨምሩ፣ ጥላ ከሆነ ያንኑ ያህል ቀንሱ። ዘወትር ከሁለት ሰው በላይ የሚኖርበት ከሆነ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 600 ቢቲዩ ይታሰባል። (ለቅዳሜ ቡና እንግዶች ብላችሁ ትልቅ አትግዙ፤ እነሱ ይሄዳሉ፣ ኤሲው ይቀራል።) ኩሽናው እዚያው ክፍል ውስጥ ከሆነ 4,000 ጨምሩ። ምጣድ የሚጣድበት ቤት ይህን አይዝለል።

ቱቦው በመስኮት የሚወጣውን፣ በጎማ የሚገፋውን ዓይነት ከመረጣችሁ ካርቶኑ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት የቢቲዩ ቁጥር ታያላችሁ። በትንሹ ቁጥር ሂዱ።

ከመክፈላችሁ በፊት አከራዩ የመስኮት ኤሲ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ። መስኮቱንም እዩ፤ አብዛኞቹ የሚሠሩት ወደ ላይ ለሚከፈት መስኮት ነው። ስትሰኩትም በቀጥታ ግድግዳው ላይ፣ ኤክስቴንሽን የለም። ካርቶኑንና ደረሰኙን ደግሞ ለጥቂት ቀን አስቀምጡ። እኔ ያንን ግዙፍ ኤሲ መልሼ በትንሽ የቀየርኩት ካርቶኑን ለመጣል ሰንፌ ስለነበር ነው።