የጥንቱን የቺካጎ ሃውስ ምት እንዴት እንሠራለን? ኪኩ ቀላል ነው፣ ሥራው ሃይ-ሃቱ ላይ ነው

የሃውስ ሙዚቃ፣ ያ በቺካጎ ክለቦች የተወለደው የዳንስ ሙዚቃ፣ ከክለቡ በር ውጪ ቆማችሁ ስትሰሙት ዱም ዱም ዱም ዱም ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ጀማሪ አራት ኪክ (በእግር የሚመታው የትልቁ ከበሮ ድምፅ) ይደረድርና ሃውስ የሠራ ይመስለዋል። ግን አያስጨፍርም። የሚያስጨፍረው በኪኮቹ መሃል የምታስቀምጡት ነገር ነው፣ በተለይ ሃይ-ሃቱ፣ ማለትም በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው የጥንድ ሲምባል (የነሐስ ሳህን) ድምፅ። እኔ ይህን ለመረዳት ወራት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ግን አንድ ማታ ይበቃችኋል።

መጀመሪያ ስለ ማሽኖቹ ትንሽ ላውራ፣ ድምፅ ስትመርጡ ይጠቅማችኋል። የጃፓኑ የሙዚቃ መሣሪያ አምራች ሮላንድ ቲአር-808 የተባለውን ድራም ማሽን (የከበሮ ድምፅ የሚያወጣ ማሽን) በ1980 አወጣ፣ ቲአር-909ን ደግሞ በ1983 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 808 ውስጥ የተቀዳ ከበሮ የሚባል ነገር የለም፤ ድምፁን በሙሉ ሰርኪዩቱ ራሱ ይፈጥረዋል። 909 ድብልቅ ነው፦ ኪኩ፣ ስኔሩ (ሹል ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ) እና ክላፑ (የጭብጨባ ድምፅ) ከሰርኪዩት ይወጣሉ፣ ሃይ-ሃቱና ሲምባሎቹ ግን ከእውነተኛ ሲምባል የተቀዱ ናቸው። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ሮጀር ሊን የሠራው ኤልኤም-1 የእውነተኛ ከበሮ ቅጂ ያሰማ ስለነበር፣ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር የሮላንዶቹ ከበሮ አይመስልም ነበር። 808 ወደ 12,000፣ 909 ደግሞ ወደ 10,000 ያህል ተሠርተው ቆሙ። ከዚያ ያገለገሉት በርካሽ ሲሸጡ የቺካጎና የዲትሮይት ወጣቶች እጅ ገቡ። የቺካጎው ዲጄ ፍራንኪ ናክልስ አንድ 909 ከዲትሮይቱ ዴሪክ ሜይ ገዝቶ፣ ክለብ ውስጥ ከሚያጫውታቸው ሸክላዎች ሥር የማሽኑን ምት ማስገባት ጀመረ። ሰው ከበሮ አይመስልም ያለው ድምፅ ትልቅ ስፒከር ላይ ደረት የሚመታ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ሥራው። ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ 16 ሳጥን የሚያሳይ ማንኛውም የድራም ማሽን ፕሮግራም ይበቃል፣ በነጻ የሚገኙ ብዙ አሉ። የ909 ድምፆችን ምረጡ። የስልኩን ስፒከር ግን አትመኑት፤ የኪኩን ታችኛውን ክፍል ጨርሶ አያሰማም። ደህና የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ።

ቴምፖውን (የምቱን ፍጥነት) በደቂቃ 120 ምት ላይ አድርጉት። የዚያን ዘመን ሃውስ እዚያው አካባቢ ነው የሚኖረው፣ እየለመዳችሁ ስትሄዱ እስከ 125 መውጣት ትችላላችሁ። 16ቱ ሳጥኖች አንድ ባር ናቸው፦ አራት ምት፣ እያንዳንዱ ምት በአራት ተከፍሎ። በ120 አንድ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው፣ አንድ ሳጥን ደግሞ 125 ሚሊሰከንድ። ይህን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ኪኩን 1፣ 5፣ 9 እና 13 ላይ አስቀምጡ። ክላፑን 5 እና 13 ላይ። በቃ፣ እነዚህ ሁለቱ አለቁ።

ክፍቱ ሃይ-ሃት 3፣ 7፣ 11 እና 15 ላይ ይገባል፣ ማለትም በሁለት ኪክ ትክክለኛ መሃል። ይህ ከማሽን የመጣ ሐሳብ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፊላደልፊያው ከበሮ መቺ ኧርል ያንግ ኪኩን በየምቱ እየመታ ሃይ-ሃቱን በመሃል ከፈት ዘጋ ያደርግ ነበር፣ ዲስኮ ከዚያ ወሰደው፣ የቺካጎ ልጆች ደግሞ ዲስኮን እየሰሙ ነው ያደጉት። ማሽኑ የሰውን እግርና እጅ ነው የሚደግመው። ሉፑን (ራሱን የሚደጋግመውን ባር) አጫውቱና ስሙት፤ ኪኩ ወደ ታች ሲጥላችሁ ሃይ-ሃቱ ወደ ላይ ያነሳችኋል።

ቀጥሎ ዝጉን ሃይ-ሃት በቀሩት ሳጥኖች ሁሉ ሙሉት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ እኔም የተሳሳትኩት፦ ሁሉንም በእኩል ጉልበት ትቶ ያልፋል፣ ምቱም የልብስ ስፌት መኪና ይሆናል። ፕሮግራማችሁ ውስጥ ቬሎሲቲ የሚባል ከ1 እስከ 127 የሚሄድ መለኪያ አለ። ክፍቱን 100 አካባቢ አድርጉት። ኪኩ ላይ የሚያርፉትን ዝጎች፣ ማለትም 1፣ 5፣ 9 እና 13ን፣ 80። ሙሉ ቁጥር ላይ ያሉትን፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8 እያላችሁ እስከ 16፣ ወደ 45 አውርዷቸው፣ እነሱንም እኩል አታድርጓቸው፤ አንዱ 38፣ ሌላው 52። ሊሰሙ እስኪቸገሩ ድረስ ብታሳንሷቸው እንኳን አትፍሩ፣ ሲጠፉ ነው መኖራቸው የሚታወቀው።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ እውነተኛ ሃይ-ሃት አንድ ጥንድ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ክፍትም ዝግም ሊሆን አይችልም። 909ም ዝጉ ሲመታ ክፍቱን ይቆርጠዋል። ፕሮግራማችሁ ይህን በራሱ ካላደረገ ሁለቱን አንድ የቾክ ግሩፕ (አንዱ ሲመታ ሌላው የሚቆረጥበት ምድብ) ውስጥ አስገቧቸው። ክፍቱ ሃይ-ሃት ቁርጥ ሲል የሚሰማው ትንሽ ዝምታ ዋጋ አለው።

ከዚያ ስዊንግ። ሐሳቡን ወደ ድራም ማሽን ያስገባው ያው ሮጀር ሊን ነው፦ ከየሁለቱ ሳጥን ሁለተኛውን ትንሽ ማዘግየት። ሁለት ሳጥን 250 ሚሊሰከንድ ነው ብለናል። 50 በመቶ ማለት ቀጥ ያለ ነው፣ ሁለተኛው 125 ላይ ይመታል። 54 በመቶ ስታደርጉት 135 ላይ፣ 58 ስታደርጉት 145 ላይ። ማለትም የ10 እና የ20 ሚሊሰከንድ መዘግየት፣ ጆሮ የማይቆጥረው ወገብ ግን የሚያውቀው። አሁን ሳጥኖቹን ተመልከቱ፦ ኪኩ፣ ክላፑ፣ ክፍቱ ሃይ-ሃት ሁሉም ጎዶሎ ቁጥር ላይ ናቸው፣ ስዊንግ አይነካቸውም። የሚንቀሳቀሱት እነዚያ ያሳነስናቸው ዝግ ሃይ-ሃቶች ብቻ ናቸው። የምቱ ሕይወት በሙሉ እነሱ ውስጥ ነው ያለው። ከ54 ጀምሩ፣ ከ60 በላይ ግን ለዚህ ዓይነቱ ምት አልመክርም።

ቅመም ከፈለጋችሁ ሪምሾት (የስኔሩ ጠርዝ ሲመታ የሚሰማው ደረቅ ድምፅ) 1፣ 4፣ 7፣ 11 እና 13 ላይ አስገቡ። ይህ ክላቬ የሚባለው የኩባ ሙዚቃ ምት ነው፣ ከአራት እኩል ኪክ ጋር ሲጋጭ ደስ ይላል። ድምፁን ዝቅ አድርጉት።

ችክችካን በዚሁ መንገድ ልሥራ የሚል ካለ 16 ሳጥን አይሆንለትም፣ ምቱ ባለ ሦስት ክፍል ስለሆነ ባሩን ወደ 12 ሳጥን ቀንሱትና ስዊንጉን አጥፉ። የድሮዎቹ ሮላንዶችም ለሦስት ክፍል የሚሆን ማስተካከያ ነበራቸው። ድራም ማሽን ከእኛ ዜማ ጋር አይሄድም ለሚል ሰው ደግሞ፣ ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን በድራም ማሽንና በሲንተሳይዘር ላይ ሲጫወት የቀዳውን ያዳምጥ።

የቀረው መቅዳት ነው። ምቱን ኮፒ እያደረጋችሁ አትደርድሩት። ሉፑን ልቀቁትና በእጃችሁ ድምፆቹን እያጠፋችሁና እያበራችሁ ቅዱት። መጀመሪያ 16 ባር ኪክ ብቻ፣ ዲጄ ከሌላ ዘፈን ጋር እንዲያገናኘው። ከዚያ ዝጉ ሃይ-ሃት፣ ከዚያ ክላፑ። ክፍቱን አቆዩት፣ ሰው እስኪናፍቀው ድረስ። መሃል ላይ ኪኩን ለ4 ባር አጥፉት፣ ሃይ-ሃቱ ብቻውን ይሩጥ፣ ስትመልሱት ደግሞ እጃችሁ አይዘግይ፦ ልክ ሳጥን 1 ላይ።