እንግሊዛዊ ቅድመ አያት ፍለጋ፦ 1841ን ከ1851 ጋር አስተያዩ

የ1841 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ሕዝብ ቆጠራ ላይ ያለውን ዕድሜ እንዳለ አትውሰዱት። ከ15 ዓመት በላይ የሆኑት በአብዛኛው ወደ ታች በአምስት በአምስት ተጠጋግተዋል፤ የ34 ዓመቱ ሰው «30» ተብሎ ታገኙታላችሁ። ዝምድናም አልተጻፈም፤ አብራው ያለችው ሚስቱም እህቱም ልትሆን ትችላለች። የ1851ዱ ግን ከአባወራው ጋር ያለውን ዝምድናና የትውልድ ደብሩን ይነግራችኋል። ደብሩን እንደያዛችሁ ወደ ጥምቀት መዝገቡ ሂዱ።

ከጁላይ 1837 ወዲህ ለተወለደ፣ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘግበው የእንግሊዝ ጠቅላይ መዝገብ ጽሕፈት ቤት (GRO) የኢንተርኔት ማውጫ የእናቱን ከጋብቻ በፊት የነበረ የቤተሰብ ስም ያሳያል፤ የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸው የሚታወቀው በዚህ ነው። ማውጫው ላይ የተጻፈው ሩብ ዓመት የምዝገባው እንጂ የልደቱ አይደለም። ለማስመዝገብ 42 ቀን ስለሚፈቀድ የማርች ልጅ ከጁን ሩብ (ከኤፕሪል እስከ ጁን) ሊገኝ ይችላል፤ ቀጣዩንም ሩብ ፈትሹ።