ሥራ ፈቶ የሚግል ላፕቶፕ፦ ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት

"ላፕቶፔ ምንም ሳልሠራበት 65 ዲግሪ ይደርሳል፣ ፔስቱን ልቀይር?" ስንቴ እንደተጠየቅኩ መቁጠር ትቻለሁ። ቆይ፣ ካቻቪቴውን አስቀምጡት። ፔስት፣ ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው ቅባት፣ ሙቀቱ እንዲወጣ ነው የሚያግዘው። ሥራ የሌለው ፕሮሰሰር ግን መጀመሪያውኑ መተኛት ነበረበት። ማን ነው የሚቀሰቅሰው?

ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ጊጋኸርዝ አይቶ መፍረድ ነው። "3 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፣ አላረፈም" ይሉኛል። ወገን፣ ፍጥነት ሌላ፣ እንቅልፍ ሌላ! ፍጥነቱ የሚነግራችሁ ኮሩ (ከፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች አንዱ) ሲነቃ በስንት እንደሚሮጥ ነው። ሲ6 የሚባለው ጥልቅ የእንቅልፍ ደረጃ የገባ ኮር ኤሌክትሪኩ ተቋርጦበት ለጥ ብሏል፤ ያያችሁት 3 ጊጋኸርዝ ለአፍታ ብድግ ሲል የተለካ ነው። እንዲያውም ሥራውን ቶሎ ጨርሶ የሚተኛው ብዙ ጊዜ ከሚንቀራፈፈው ያነሰ ኃይል ይበላል። ስለዚህ 800 ሜጋኸርዝ ላይ ቸንክራችሁት "ተገላገልኩ" አትበሉ። መታየት ያለበት ከጊዜው ስንት በመቶውን በየትኛው ደረጃ እንዳሳለፈ ነው። ሲ0 ሥራ ላይ ነው፣ ሲ1 ሸለብ ማድረግ ነው፣ ከሲ6 ወዲያ ያለው ድብን ያለ እንቅልፍ። ሊኑክስ ላይ ፓወርቶፕ የሚባለው ፕሮግራም ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ዊንዶውስ ላይ ፓወርሲኤፍጂ (powercfg /energy) የሚባለው ትእዛዝ 60 ሰከንድ ታዝቦ የኃይል ሪፖርት ያወጣል።

ኮሮቹን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ "ፓኬጅ" የሚለውንም፣ ማለትም የሙሉውን ፕሮሰሰር እንቅልፍ፣ እዩ። አንድ ኮር ነቅቶ ከዋለ ፕሮሰሰሩ በሙሉ ጥልቅ እንቅልፍ አይገባም።

ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ማስተካከያ) ገብታችሁ ሲ-ስቴትን፣ ማለትም እነዚህን የእንቅልፍ ደረጃዎች፣ አታጥፉ። በቃ።

እኔስ? ቤይ ትሬይል የሚባል የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ነበረኝ፤ ሊኑክስ ላይ በየቀኑ ድርቅ ይላል። እንቅልፉን ሲ1 ላይ የሚገድብ አንዲት መስመር ሊኑክስ ሲነሳ የሚያነበው ትእዛዝ (ቡት ማድረጊያው) ላይ ጨመርኩለት፣ ዳነ። በኋላ ዲስኩን ነቅዬ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። እሱ ደግሞ ሥራ ፈቶ 60 ዲግሪ! ፔስት ቀየርኩ። በሳምንቱ ደግሜ ቀየርኩ። ሲመረኝ ፓወርቶፕን ከፈትኩ፤ ሲ6 ትይዩ 0.0% ይላል፣ በሁሉም ኮር። ለካ ያቺ መስመር ዲስኩ ላይ ተሳፍራ መጥታለች። አጠፋኋት፣ ሪስታርት አደረግኩት፣ ፋኑ ዝም አለ። ሁለት ቱቦ ፔስት በከንቱ።

ሌላው ችኮላ ነው። ማሽኑ በተከፈተ በደቂቃው ሙቀት አይነበብም፤ ከጀርባ ማዘመኛው፣ ፋይል ጠቋሚው፣ ምኑ ቅጡ ገና እየተሯሯጠ ነው። አሥር ደቂቃ ታገሡ። መለኪያ ፕሮግራሙም በየግማሽ ሰከንዱ ካነበበ ቀስቃሹ ራሱ ነው፤ በየ5 ሰከንዱ አድርጉት።

ውጫዊ ስክሪን ሰክታችሁም አትለኩ። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ያ ስክሪን ለብቻው ያለውን ግራፊክስ ካርድ ያስነሳዋል፤ ካርዱና ፕሮሰሰሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሙቀት ቱቦ ይጋራሉ። የጎረቤቱ እሳት ነው የሚያግለው። ንቀሉትና እንደገና ለኩ።